ደብረ ብርሃን ተወልጄ ኩስኮ ላይ ወደቅሁ

«እኔን? የደብረ ብርሃን ልጅ ከፍታ ሊያስፈራው?»

ባለቤቴ ስለ ፔሩዋ ከተማ ስለ ኩስኮ አየር ያነበበችውን ስትነግረኝ የመለስኩላት ይህን ነበር። ስቃ ዝም አለች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እዚያው ኩስኮ፣ አንድ ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ፣ አፍንጫዬ ላይ የኦክስጅን ቱቦ ተገጥሞልኝ ስተኛ ግን አልሳቀችም። ጫማዬን አውልቃ እግሬን እያሸች «ምነው አንተ ሰውዬ» ብቻ ነው ያለችኝ።

ይህን የምጽፈው ፔሩን አትዩ ለማለት አይደለም። ከተመለስኩ ጀምሮ ስለዚያ አገር ሳወራ ጓደኞቼ ሰልችተውኛል። ግን የእኔን ስሕተት የሚደግም አበሻ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ደጋ ተወልደን ያደግን ሰዎች አንድ ዓይነት ኩራት አለን።

የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። ከአገር ከወጣሁ 19 ዓመት ሆኖኛል። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነው፤ ፎቅ የምወጣው ሊፍት ሲበላሽ ነው። ጉዞውን ያሰብነው ለአሥረኛ ዓመት ጋብቻችን ሲሆን 12 ቀን ነበረን። ሊማ፣ ኩስኮ፣ ተራራ ላይ ያለው ጥንታዊው ከተማ ማቹ ፒቹ፣ ከዚያ ቲቲካካ ሐይቅ። ወሩ ጁን። ፔሩ ከምድር ወገብ በታች ስለሆነች ጁን ለእነሱ ብርድ ነው፤ ተራራማው አካባቢ ግን ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ዝናብ አይበዛበትም። ቀኑ ጠራራ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ውርጭ። የእኛን ኅዳርና ታኅሣሥ አስቡት። ጋቢ ይዛችሁ ብትሄዱ አታፍሩም። እኛ ይዘን ሄደን ከሻንጣው ዕቃ ሁሉ የጠቀመን እሱ ነው።

ስለ ቪዛ አንድ ነገር ልበል። እኛ በአሜሪካ ፓስፖርት ስለሄድን ለጉብኝት ቪዛ አልጠየቁንም። አብሮን ሊሄድ የነበረ ጓደኛችን ግን የኢትዮጵያ ፓስፖርትና ግሪን ካርድ ነው ያለው። «ግሪን ካርድ ካለህማ ችግር የለም» ያሉትን አምኖ ተቀመጠ። ኤምባሲውን ሲጠይቅ ቪዛ ያስፈልግሃል ተባለ፤ ጊዜው አልፎበት ስለነበር ቀረ። የአውሮፕላን ቲኬቱ ገንዘብም አብሮ ቀረ። ስለዚህ ወሬ ከመስማት ኤምባሲ መደወል ይሻላል፤ ያውም ቲኬት ሳትቆርጡ። ከአዲስ አበባ ለምትነሱ ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሳኦ ፓውሎ ድረስ ያደርሳችኋል፤ ከዚያ ወደ ሊማ ሌላ በረራ ነው።

ሁለተኛው ስሕተታችን የማቹ ፒቹ መግቢያ ነው። በየቀኑ የሚገባው ሰው ቁጥር የተወሰነ ነው፤ በጁንና በጁላይ ቲኬቱ ከብዙ ሳምንት በፊት ያልቃል። ቲኬቱ ቀንና ሰዓት ብቻ ሳይሆን መንገድም አለው። ሦስት ዋና ዋና መስመሮች አሉ፤ አንዱን ይዞ የገባ ወደ ሌላው መሻገር አይችልም። ፎቶ ላይ የምናውቀው፣ ከላይ ሆኖ ከተማውን ከነሹል ተራራው የሚያሳየው ቦታ አንደኛውና ሁለተኛው መስመር ላይ ነው። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። አንድ ወኪል «ቲኬት አለ» ሲለኝ ደስ ብሎኝ ከፈልኩ። የሰጠኝ ሦስተኛውን ነው፤ በታች በኩል የሚዞረውን። እንዳያችሁት «ቲኬት አለ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። «የቱ መስመር?» በሉ።

ከዚህ የባሰውን ደግሞ ያመጣው የእኛ አጠራር ነው። ቲኬቱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር መግጠም አለበት። ወኪሉ ባልና ሚስት መሆናችንን ሲሰማ፣ በደግነቱ ይመስለኛል፣ ለባለቤቴ የእኔን የአባት ስም ሰጣት። እኛ ዘንድ ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትለውጥም ብሎ ማን ይንገረው? ያየነው ልንገባ ሁለት ቀን ሲቀረን ነው። ተስተካከለ፤ ግን ግማሽ ቀን በስልክ አለቀ። የባቡሩም፣ የሆቴሉም፣ የሁሉም ቲኬት እንደደረሳችሁ ፓስፖርታችሁን ከጎን አስቀምጣችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩት።

ሊማ ላይ ብዙ አልቆይም። የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት። በዚያ ወቅት ፀሐይ አትታይም፤ ግራጫ ጉም ከላይ ተጋድሞ ይውላል። የከተማው ሰው ሰማዩን «የአህያ ሆድ» ይለዋል። ስሰማው ወደድኩት፤ ትክክለኛ ቀለሙ እሱ ነው። አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ላርኮ ሙዚየም ሂዱ። እኔን የያዘኝ ኪፑ የሚሉት ነገር ነው። ስፔኖች ከመምጣታቸው በፊት አገሩን ይገዙ የነበሩት ኢንካዎች እኛ የምናውቀው ዓይነት ፊደል አልነበራቸውም። የግብሩን፣ የእህሉን፣ የሕዝቡን ቁጥር የሚይዙት በገመድ ቋጠሮ ነበር። ከአንድ ወፍራም ገመድ ብዙ ቀጫጭን ገመዶች ይንጠለጠላሉ፣ እያንዳንዱ ላይ ቋጠሮ። ያን ሁሉ አገር ያስተዳደሩት በዚያ ነው። ባለቤቴ አካውንታንት ናት፤ ከመስታወቱ ፊት አልነቃነቅ ብላኝ ነበር።

በማግስቱ ወደ ኩስኮ በረርን። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሊማ ባሕሩ ጠርዝ ላይ ናት። ኩስኮ 3,400 ሜትር ላይ ናት። በረራው ከአንድ ሰዓት ትንሽ ነው የሚበልጠው። ከደብረ ብርሃን እንኳ ከ500 ሜትር በላይ ትበልጣለች። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ የኦክስጅን ጣሳ ሲሸጥ አየሁና ፎቶ አንስቼ ለወንድሜ ላክሁለት፤ «ፈረንጅ አየር ይገዛል» ብዬ።

የሆቴሏ ሴትዮ የኮካ ቅጠል ሻይ ሰጠችን። «ዛሬ ዕረፍት፤ ቀስ፣ ቀስ» አለች በእጇ ጭምር። ባለቤቴ ጋቢዋን ተከናንባ ተኛች። እኔ ግን ሰዓቱ ገና ነው ብዬ ወደ ሳክሳይዋማን ወጣሁ። በእግሬ። ከከተማው በላይ ያለ የኢንካ ምሽግ ነው፤ መንገዱ ደረጃ በደረጃ ነው። ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ይደልቃል፣ እኔ እሄዳለሁ። ስደርስ ግን ሁሉንም ረሳሁት። ትልልቆቹ ድንጋዮች ከ100 ቶን በላይ እንደሚመዝኑ ይገመታል፤ አንዱ ከሌላው ጋር ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ ገጥሟል። ጥፍሬን በመሐላቸው ለማስገባት ሞከርኩ። አይገባም። ላሊበላ አንዱን ዓለት ወደ ታች ጠርቦ ቤት አደረገው፤ እነዚህ ደግሞ ተራራውን ቆራርሰው መልሰው ሰፉት።

ማታ ራሴን ያመኝ ጀመር። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ከባድ ራት በላሁ፣ ሁለት ቢራ ጠጣሁ። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ይዤ የሄድኩትን የእንቅልፍ ኪኒን ዋጥኩ። እነዚህን አንድ በአንድ የምቆጥረው በኋላ ሐኪሟ አንድ በአንድ ስለቆጠረችልኝ ነው። የመጀመሪያው ቀን ላይ ዳገት፣ ከባድ ምግብ፣ መጠጥ፣ የእንቅልፍ መድኃኒት፤ አራቱንም አንድ ምሽት ላይ ጨርሼአቸዋለሁ።

ሁሉን ያበላሸው ግን ሁለተኛው ቀን ነው። ባለ ብዙ ቀለሙን ተራራ፣ ቪኒኩንካን፣ ለማየት አስቀድመን ከፍለን ነበር። ከ5,000 ሜትር በላይ ነው። ሚኒባሱ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት መጣ። ባለቤቴ ፊቴን አይታ «እንቅር» አለችኝ። «ብሩስ?» አልኳት። እንግዲህ ብሩን አስቡት።

ከመኪና ወርደን መራመድ እንደጀመርን እግሬ የእኔ አልሆን አለ። ሁለት ጊዜ አስመለሰኝ። ከዚያ ቀጥ ብዬ መሄድ አቃተኝ፤ ሰክሮ ከመሸታ ቤት እንደሚወጣ ሰው ወደ ግራ ወደ ግራ እሳባለሁ። የሚገርመው ራሴን ደህና ነኝ ብዬ አምኛለሁ። አስጎብኚውን «ትንሽ ልረፍ እንጂ ደህና ነኝ» አልኩት፣ በአማርኛ። በአማርኛ መናገሬን አላወቅሁም። ባለቤቴ የደነገጠችው ያኔ ነው።

እዚያ ፈረስ የሚያከራዩ፣ ኬቹዋ የሚባሉ የአገሩ ተወላጅ ገበሬዎች አሉ። ባርኔጣ ያደረገች፣ ድርብርብ ቀሚስ የለበሰች አንዲት አጭር ሴት ፈረሷን አምጥታ ቆመች። ምንም አልጠየቀችም። ከአስጎብኚው ጋር ሆነው አፈናጠጡኝ። ልጓሙን ይዛ ቁልቁለቱን ጀመረች፤ በጎማ ሰንደል ጫማ፣ ጠጠሩ ላይ፣ ሳትቆም። እኔ ወጣቱ ሰውዬ በፈረስ፣ እሷ እናቴን የምታክል ሴት በእግሯ። በየመሐሉ ዞር እያለች ፊቴን ታያለች። ለመክፈል ስንል የተመነችውን ብቻ ተቀብላ ትርፉን መለሰች።

ክሊኒኩ ውስጥ ጣቴ ላይ መሣሪያ ሰኩብኝ። በደሜ ያለው ኦክስጅን 74 በመቶ ነበር። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት።

«ከየት ነህ?»

«ከኢትዮጵያ። የእኛ አገር ደጋ ነው፣ ሯጮቹም…»

«የት ነው የምትኖረው?»

«ቨርጂኒያ።»

«ከባሕር ወለል ስንት ሜትር ነው?»

ባለቤቴ ቀደመችኝ። «መቶ ሜትር አይሞላም።»

ሐኪሟ ጻፈችው። ደብረ ብርሃንን አልጻፈችውም።

ያዘዘችኝን ላካፍላችሁ፤ ሐኪም አይደለሁም፣ የሰማሁትን ነው። ደጋ ተወልዶ ማደግ ቆላ ለሚኖር ሰው ዋስትና አይሆንም፤ ሰውነት የለመደውን ከፍታ ከተወ በኋላ ዝም ብሎ አያስታውሰውም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲመጣ ከፍ ማለት ይቆማል። መንገዳገድ፣ መዘባረቅ፣ ተቀምጠው እያሉ ትንፋሽ ማጠር ሲመጣ ግን ቀጠሮ የለውም፤ ወዲያው ወደ ዝቅታ መውረድ ነው። ዳያሞክስ የሚባል መድኃኒት አለ፤ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ፣ በተለይ የሰልፋ መድኃኒት የማይስማማችሁ ከሆነ። የጉዞ ኢንሹራንስም ግዙ፤ ስትገዙ ምን ያህል ከፍታ ድረስ እንደሚሸፍን አንብቡ። የእኛ ይሸፍን ነበር። ያንን ያነበበችው እንደ ልማዷ ባለቤቴ ናት።

ኮካውን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ሻዩ ፔሩ ውስጥ ሕጋዊ ነው፤ ሽማግሌው ሁሉ ቅጠሉን ሲያኝክ ይውላል። ግን ከጠጣችሁ በኋላ ለቀናት የሽንት ምርመራ ላይ ኮኬይን ብሎ ሊያወጣችሁ ይችላል። የጭነት መኪና የምትነዱ፣ በሥራ ቦታችሁ ድንገተኛ ምርመራ ያለባችሁ፣ አትንኩት። ስንት አበሻ በዚያ ሥራ እንደሚተዳደር ስለማውቅ ነው። ቅጠሉንም ሆነ የሻዩን ከረጢት ወደ አሜሪካ ይዛችሁ አትግቡ።

በማግስቱ ወደ ኢንካዎቹ ቅዱስ ሸለቆ ወረድን። ነገሩ የሚያስቀው እዚህ ነው። ወደ ሸለቆው የሚወስደው ታክሲ ኩስኮ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ቆሞ ነበር። ኦያንታይታምቦ የምትባለው መንደር 2,800 ሜትር ገደማ ናት፤ ደብረ ብርሃንን ማለት ነው። ከአውሮፕላን ወርደን በቀጥታ ወደዚያ ብንሄድ፣ ሁለት ሦስት ቀን ብንከርም፣ ማቹ ፒቹን አይተን ኩስኮን ወደ መጨረሻ ብናደርግ ክሊኒኩን አላውቀውም ነበር። ማቹ ፒቹ ራሱ 2,430 ሜትር ላይ ነው፣ ከአዲስ አበባ ብዙም አይለይም። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህንን ውሰዱ፦ መጀመሪያ ሸለቆው፣ ከዚያ ኩስኮ።

የመኪናውን መስኮት ስከፍት የመጣው ሽታ አስደነገጠኝ። ባሕር ዛፍ! ኮረብታው ሁሉ ባሕር ዛፍ ነው። እንደ እኛው ከአውስትራሊያ የመጣ፣ እንደ እኛው ማገዶና አጣና የሆነ። የጭቃ ጡብ ቤት፣ የድንጋይ አጥር፣ በቆሎ ማሳ፣ አህያ። ባለቤቴ «አሁን እንጦጦ ነን ብትለኝ አምንሃለሁ» አለች።

ኦያንታይታምቦ ሦስት ቀን ተቀመጥን። ሕይወቴን ያተረፉልኝ ቀናት ናቸው። በሁለተኛው ቀን ቀስ ብለን ስንራመድ አንድ ቤት በር ላይ ረጅም እንጨት ተተክሎ ጫፉ ላይ ቀይ ፌስታል ታስሯል። የሆቴሉን ልጅ ጠየቅሁት። «ቺቻ አለ ማለት ነው» አለኝ። ቺቻ የበቆሎ ጠላ ነው። ጣሳ እንጨት ላይ ደፍቶ «ጠላ አለ» የሚል አገር ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ንገሩኝ። ገባን። ምድር ቤት፣ አግዳሚ ወንበር፣ ጥግ ላይ ትልቅ እንስራ። በቆሎውን አብቅለው፣ አድርቀው፣ ፈጭተው፣ ቀቅለው ነው የሚጠምቁት። ብቅል ነው እንግዲህ! እኔ መጠጥ ተከልክዬ ስለነበር ከከንፈሬ አላለፈም፤ ኮምጠጥ ያለ፣ ለጋ ጠላ ይመስላል። ሴትዮዋ ከመጠጣቷ በፊት ትንሽ ወደ መሬት አፈሰሰች። ለፓቻማማ፣ ለእናት ምድር ድርሻ መሆኑ ነው። ከዚያ የተቆላ በቆሎ በሳህን አቀረበችልን። ቆሎ! ካንቻ ይሉታል። ሁለታችንም ቋንቋ የለንም፤ እየዘገንን ተሳሳቅን።

ባለቤቴ የሰኔን ጾም ይዛ ነበር። ለምትጾሙ፦ ችግር የለም፤ ድንቹ፣ በቆሎው፣ ባቄላው፣ ኪኑዋው ሞልቷል። ድንች እኮ አገሩ እዚያ ነው፤ ወደ እኛ የመጣው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ሺምፐር በሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ አማካይነት ነው። ገበያ ላይ ሐምራዊ፣ ጥቁር፣ የጣት ቅርጽ ያለው፣ ሁሉም ዓይነት ድንች አለ። ብቻ «ሥጋ አልበላም» ስትሉ ዶሮ ያመጡላችኋል። ዶሮን ሥጋ አይሉትም። ዶሮ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ አይብ ብላችሁ ሁሉንም ዘርዝሩ።

ማቹ ፒቹ ለመግባት በባቡር ወርደን፣ ታች ያለችው መንደር አድረን፣ ንጋት ላይ በአውቶቡስ ወጣን። ጉም ነበር። የእኛ መስመር ታች ታችውን ነው። ሌሎቹ ከላይ ሆነው ፎቶ ሲነሡ ድምፃቸው ይሰማናል። ትንሽ አንገበገበኝ፤ አልዋሽም። ግን ያ መስመር በፀሐይ ቤተ መቅደስ አጠገብ ያልፋል። ግድግዳው ክብ ነው፤ ከታች ካለው ዓለት ጋር አብሮ የበቀለ ይመስላል። ውሃው እስከ ዛሬ በድንጋይ ቦይ ይወርዳል። ጉሙ ሲገለጥ እርከኑ አንዱ ካንዱ ሥር ታየ፤ ኮንሶን ያየ ሰው አይደነግጥም፣ ግን ይኮራል።

ከተማው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኢንካው ንጉሥ በፓቻኩቲ ዘመን እንደተሠራ ይታመናል። በ1911 ሃይራም ቢንጋም የሚባል አሜሪካዊ «አገኘው» ይባላል። እሱን መርቶ ያመጣው ግን የአካባቢው ገበሬ ነው፤ እርከኑ ላይም ቤተሰቦች እያረሱ ይኖሩ ነበር። ቢንጋም የቆፈራቸውን ዕቃዎች ወደ ዬል ዩኒቨርሲቲ ወሰደ። ፔሩ መልሱልኝ ስትል ኖራ ከ2011 ጀምሮ ተመለሱላት። አሁን ኩስኮ ውስጥ ካሳ ኮንቻ በሚባል ቤት ይታያሉ። ሸክላ ነው የሚበዛው፤ ወርቅ አትጠብቁ። እኔ ግን እዚያ ቤት ውስጥ ከማቹ ፒቹ ራሱ ይልቅ ብዙ ቆምኩ። የአክሱም ሐውልት በ2005 ሲመለስ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ከብበን ያየነው ትዝ አለኝ። የመቅደላውም።

ኩስኮ ስንመለስ ከሊማ ከወጣን ስድስተኛ ቀናችን ነበር። ያው 3,400 ሜትር። ዳገቱን ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል፤ ራሴን ግን አያመኝም። ውሃ በየሰዓቱ፣ ራት ሾርባ፣ ደረጃ ላይ እንደ ሽማግሌ። በዓል ላይ ደረስን፤ ኮርፐስ ክሪስቲ ይሉታል፣ የካቶሊኮች ነው። ከየደብሩ 15 የቅዱሳንና የእመቤታችን ምስሎች በሰው ትከሻ ተጭነው፣ በሙዚቃና በርችት፣ ወደ ካቴድራሉ ይመጣሉ። አንድ ሳምንት እዚያው አብረው ይከርሙና ወደየደብራቸው ይመለሳሉ። ተሸካሚዎቹ ወጣቶች ላባቸው ይወርዳል፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ትከሻውን ያስገባል። ባለቤቴ ሳታስበው እልል አለች። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን፤ ከኋላችን የነበሩ አሮጊት ግን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። የድሮ ጸሐፍት እንደሚሉት፣ ስፔኖች ከመምጣታቸው በፊት በዚያው አደባባይ የሚዞሩት የሞቱ የኢንካ ነገሥታት አስከሬኖች ነበሩ።

በዚያ ቀን የሚበላ ቺሪኡቹ የሚባል ቀዝቃዛ ምግብ አለ። ቋንጣ፣ ቆሎ፣ አይብ፣ ዶሮ፣ የባሕር አረም፣ የዓሣ እንቁላል፣ ከሁሉም በላይ ኩይ። ኩይ ጊኒ ፒግ ነው፣ አይጥ የሚመስል ትንሽ እንስሳ፤ ከነጥርሱ ያያችኋል። እኔ መንገደኛ ነኝ ብዬ ጾሙን ስለተውኩ ቋንጣውንና ቆሎውን በላሁ። ኩይውን ለጎረቤቴ ሰጠሁት፤ ደስ አለው። ካቴድራሉ ውስጥ ማርኮስ ሳፓታ የሳለው የመጨረሻው እራት ሥዕል አለ። ጌታችን ፊት፣ ማዕዱ ላይ የተጋደመው ኩይ ነው።

ሌላው ሳታዩት እንዳትመጡ የምለው ቆሪካንቻ ነው፣ የፀሐይ ቤተ መቅደስ። ግድግዳው በወርቅ ንጣፍ የተሸፈነ ነበር። በ1532 ስፔናዊው ፒሳሮ ከ200 በማይበልጡ ሰዎች የኢንካውን ንጉሥ አታዋልፓን ካሃማርካ በምትባል ከተማ ማረከ፤ ንጉሡ ለመፈታት ክፍል ሙሉ ወርቅ ከፈለ፤ በ1533 ገደሉት። የቆሪካንቻ ወርቅ ለዚያ ቤዛ ተላጠ። ከዚያ የኢንካውን ግንብ መሠረት አድርገው ገዳም ሠሩበት። በ1950 የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣ ከላይ ያለው ተሰነጣጠቀ፣ ፈረሰ። የታችኛው ድንጋይ ንቅንቅ አላለም። አስጎብኚያችን ይህን ሲናገር ፈገግታውን መደበቅ አልቻለም።

መጨረሻችን ቲቲካካ ነበር። በአውቶቡስ፣ ቀን ለቀን፣ ከ4,300 ሜትር በላይ የሆነውን የላ ራያ በር አልፈን ፑኖ ገባን። ሐይቁ 3,812 ሜትር ላይ ነው። ራሴን ያዝ አደረገኝ፤ ያን ቀን ከሆቴል አልወጣሁም። ከሁለት ሳምንት በፊት ቢሆን ሐይቁ ዳር ሮጬ ነበር።

ኡሮስ የሚባሉት ሰዎች የሚኖሩት በሸምበቆ ደሴት ላይ ነው፤ ቶቶራ በሚሉት ተክል። እየበሰበሰ በሄደ ቁጥር ከላይ አዲስ ይደርቡበታል። እውነቱን ለመናገር ለቱሪስት የተዘጋጀ ነገር ይበዛዋል፤ ዘፈኑም፣ «ግዙን»ም አለ። ቅር እንዳይላችሁ፣ ትንሽ ዝርዝር ሶል፣ የፔሩን ገንዘብ፣ ያዙ። ዶላር ከያዛችሁ ደግሞ የተቀደደ ወይም የተጻፈበት እንዳይሆን፤ አይቀበሏችሁም።

አንድ ሽማግሌ ጀልባ እየሠሩ ነበር። ሸምበቆውን በእስር በእስር አድርገው፣ በጉልበታቸው ተጭነው፣ ገመዱን በጥርስም በእጅም ያጠብቃሉ። አፍንጫዋ ቀና ያለች። ባለቤቴ የባሕር ዳር ልጅ ናት። ክንዴን ያዘችኝ። «ታንኳ!» አለች።

የምታውቁ ታውቁ ይሆናል። በ1969 ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ውቅያኖስ በሸምበቆ ጀልባ ይሻገራል ብሎ ሲነሣ፣ ራ የተባለችውን ጀልባ ያሠራው ከጣና በተቆረጠ ደንገል ነው፤ ሠሪዎቹ የቻድ ሰዎች ነበሩ። ሳትደርስ ተበታተነች። በ1970 ግን ደንገሉን አሁንም ከኢትዮጵያ አምጥቶ፣ የቲቲካካ ሰዎችን ቀጥሮ ሁለተኛዋን አሠራ። ከሞሮኮ ተነሥታ ባርቤዶስ ደረሰች፣ በ57 ቀን። የጣና ደንገልና የቲቲካካ እጅ አብረው አትላንቲክን ተሻግረዋል ማለት ነው።

ባለቤቴ ስልኳ ላይ የታንኳ ፎቶ ፈልጋ ለሽማግሌው አሳየች። ወሰዱት። በጣታቸው አሰፉት። ስለ ቀዘፋው፣ ስለ አሣው ይጠይቃሉ ብዬ ስጠብቅ በአይማራ ቋንቋ አንድ ነገር አሉ፤ አስጎብኚው ተረጎመው። «ውሃ ላይ ምን ያህል ጊዜ ይቆያል?»

አላወቅንም። ባለቤቴ ባሕር ዳር ለወንድሟ ደወለች፤ እዚያ ማምሻ ነበር። «ታንኳ? እኔ ምን አውቄ» አለ። ከዚያ ሐይቁ ዳር ወርዶ አንድ ሰው ጠይቆ መልሶ ደወለ። የሰውየው ድምፅ በስልኩ መጣ። «በየቀኑ አውጥቶ ያደረቀው ይቆይለታል። ውሃ ውስጥ የተወው ግን ወዲያው ይበሰብስበታል።»

እኔ ወደ እንግሊዝኛ፣ አስጎብኚው ወደ አይማራ። ሽማግሌው እስኪያልቅ ሰሙ። ከዚያ የተቀመጡበትን ሸምበቆ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና መለሱ።

«የእኛም እንደዚሁ ነው በሉት።»